ሁለት ሳይት ላይ ያሉ 38 ሰርቨሮችን በአንድ ሰዓት ማስኬድ (ክሮኒ፣ ፕሮክስሞክስ፣ ዊንዶውስ ዶሜይን)

ራክ_ቁጥር_4

ሰላም ለቤቱ። ሰንጋ ተራ ዋና ሳይት፣ ካዛንቺስ ደግሞ ባክአፕ ሳይት አለን። መሃላቸው ፋይበር ነው፤ ኢንተርኔት የሚገባው ግን በሰንጋ ተራ በኩል ብቻ ነው። ሰንጋ ተራ ላይ ሦስት የፕሮክስሞክስ ሆስቶች (ቪኤም የሚያስኬዱ ሰርቨሮች) ሴፍ (የሦስቱን ዲስክ አንድ ላይ የሚያስተዳድር ማከማቻ) ይዘው ይሠራሉ፣ ካዛንቺስ ሁለት ሆስት አለ። በየሳይቱ ለባክአፕ ብቻ የተቀመጠ አንዳንድ ፊዚካል ሰርቨር አለ፣ ሰንጋ ተራ ላይ በተጨማሪ አንድ ፊዚካል ዲኤንኤስ። ቀሪው 30 ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) ነው፦ አብዛኛው ኡቡንቱ 22.04፣ ጥቂት ሮኪ 9፣ ሁለት የዊንዶውስ ዶሜይን ኮንትሮለር።

የሰዓቱ ነገር በዘፈቀደ ነው የተሠራው። ኡቡንቱዎቹ በታይምሲንክዲ፣ ሮኪዎቹና ሆስቶቹ በክሮኒ (ሁለቱም ሰዓት የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ናቸው)፣ ሁሉም ለየራሱ ኢንተርኔት ወጥቶ ይጠይቃል። የሚታየው ችግር ይሄ ነው፦ ሴፍ "ክሎክ ስኪው" (የሰዓት ልዩነት) እያለ ያስጠነቅቃል፣ በተለይ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ። አንድን ጥያቄ ከሎድ ባላንሰሩ እስከ ዳታቤዙ በሎግ ስንከታተል መልሱ ከጥያቄው የቀደመ ይመስላል። አንድ የዳታቤዝ ቪኤም ጠፍቶ ሲነሳ ልክ 3 ሰዓት ይቀድምና ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ "ክሮኒሲ ሶርስስ" ሲባል ሪች 0 ነው።

ስንት የውስጥ ሰዓት ሰርቨር ይበቃል? የት የት ይቀመጡ? ጂፒኤስ መግዛት ግድ ነው? መብራት ሲመጣ ዳታቤዙ በተሳሳተ ሰዓት መጻፍ እንዳይጀምርስ ምን ይደረግ?


ቀላል_ነገር

ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሁሉንም ወደ ኮር ስዊቹ አዙራቸው፣ ስዊቹን ከኢንተርኔት ሲንክ አድርገው። ሁለት መስመር ኮንፊግ ነው።


ስትራተም_ሁለት

ስዊቹ ፓኬት ለማሳለፍ እንጂ ሰዓት ለማደል አልተሠራም። የኤንቲፒ (ሰዓት በኔትወርክ የሚጠየቅበት ፕሮቶኮል) ጥያቄ የሚመልሰው ትንሹ ሲፒዩው ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ሲበዛበት የሰዓቱ መልስ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ወጥ አይደለም። ለካሜራና ለፕሪንተር ይሁን፤ ለሴፍ አይሆንም። ደግሞም ምንጩ አንድ ብቻ ከሆነ ሲሳሳት የሚያጋልጠው የለም።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ አንድ ምንጭ ያለው ክላየንት የተነገረውን ያምናል። ሁለት ያለው ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ መለየት አይችልም፤ ክሮኒ አብላጫ ስለማያገኝ ሁለቱንም ይተዋል። ሦስት ሲሆኑ አንዱ የተሳሳተ ይለያል፣ ግን አንዱን ለጥገና ባወረድክ ሰዓት ተመልሰህ ሁለት ላይ ነህ። ስለዚህ አራት። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው አርኤፍሲ 8633ም (የኤንቲፒ አጠቃቀም ምክር ሰነድ) ቢያንስ አራት ምንጭ ነው የሚመክረው።

አራቱም ፊዚካል ይሁኑ፣ ቪኤም አይሁኑ። አንተ ጋ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰዓት የሚሰጠው ቪኤም ዲስኩ ሴፍ ላይ ከሆነ ቪኤሙ ሴፍን ይጠብቃል፣ ሴፍ ደግሞ ሰዓት ይጠብቃል። አዲስ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም፤ ክሮኒ ከሲፒዩም ከሜሞሪም የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰንጋ ተራ ላይ የባክአፑን ሰርቨርና ዲኤንኤሱን፣ ካዛንቺስ ላይ የባክአፑን ሰርቨርና አንዱን ሆስት ተጠቀም። ፕሮክስሞክስ ከ7ኛው ስሪት ወዲህ ክሮኒን ይዞ ነው የሚመጣው።

አድራሻዎቹ 10.20.1.11፣ 10.20.1.12 (ሰንጋ ተራ)፣ 10.20.2.11 እና 10.20.2.12 (ካዛንቺስ) ናቸው እንበል። የመጀመሪያው ላይ ኮንፊጉ ይህን ይመስላል። በፊደላችን ያሰፈርኩት እንደንባቡ ነው፤ ፋይሉ ላይ በላቲን አስገባው።

ፑል አፍሪካ.ፑል.ኤንቲፒ.ኦርግ አይበርስት ማክስሶርስስ 3
ሰርቨር ታይም.ክላውድፍሌር.ኮም አይበርስት ኤንቲኤስ
ሰርቨር 10.20.1.12 አይበርስት ሚንፖል 4 ማክስፖል 6
ሰርቨር 10.20.2.11 አይበርስት ሚንፖል 4 ማክስፖል 6
ሰርቨር 10.20.2.12 አይበርስት ሚንፖል 4 ማክስፖል 6
አላው 10.20.0.0/16
ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን
ሜክስቴፕ 1 3
አርቲሲሲንክ
ድሪፍትፋይል /ቫር/ሊብ/ክሮኒ/ክሮኒ.ድሪፍት

ኡቡንቱና ፕሮክስሞክስ ላይ ፋይሉ /ኢቲሲ/ክሮኒ/ክሮኒ.ኮንፍ ነው፣ ሮኪ ላይ /ኢቲሲ/ክሮኒ.ኮንፍ። ሌሎቹ ሦስት ላይ የራሱን አድራሻ አውጥተህ የቀሩትን ሦስት ታስገባለህ።

"ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን" የሚለው መስመር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው የሚሠራው፤ ስትራተም ከዋናው የሰዓት ምንጭ ስንት እርከን እንደምትርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። አራቱ እርስ በርስ ይተያዩና በሪፈረንስ መለያ ቁጥሩ ትንሹ የሆነው መሪ ይሆናል፣ ሦስቱ እሱን ይከተላሉ። ሰዓቱ ከዓለም ትንሽ ትንሽ ሊርቅ ይችላል፣ እርስ በርስ ግን አይለያዩም፤ ሴፍ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። "ኦርፋን" የምትለዋን ቃል ትተህ "ሎካል ስትራተም 10" ብቻ አራቱም ላይ ካስገባህ ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ እያንዳንዱ ራሱን ንጉሥ አድርጎ ይሾማል።

"ሜክስቴፕ 1 3" ማለት ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ፣ ክሮኒ ከተነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ማስተካከያዎች ብቻ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ይዝለል ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይስባል። ከየቦታው የሚገለበጡ ኮንፊጎች ላይ በ3 ፈንታ "-1" ታያለህ፤ ምንጊዜም ይዝለል ማለት ነው። ዳታቤዝ ላይ እሱን እንዳታስገባ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስብህ ይችላል።

ክላየንቶቹ ላይ አራቱን ሰርቨሮች ብቻ በ"ሰርቨር … አይበርስት" አስገባ፣ ከሜክስቴፕ፣ ከአርቲሲሲንክና ከድሪፍትፋይሉ ጋር። ዲፎልቱ የኡቡንቱ "ፑል" መስመሮች መጥፋታቸውን አረጋግጥ፤ ሮኪ ላይ ደግሞ ዲኤችሲፒ የሚያመጣቸውን ምንጮች የሚያስገባ "ሶርስዲር" መስመር አለ፣ እሱንም እየው። በስም ሳይሆን በአይፒ ጻፋቸው፦ ዲኤንኤሱ ገና ሳይነሳ ክላየንቱ ሰዓት ማግኘት አለበት። ኮንቴይነር ውስጥ ምንም አትጫን፣ የሆስቱን ሰዓት ነው የሚጠቀሙት።

ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 123 እና ለኤንቲኤስ (ሰዓቱ ከእውነተኛው ሰርቨር መምጣቱን የሚያረጋግጥ የኤንቲፒ ጥበቃ) ቲሲፒ 4460 ወደ ውጭ እንዲወጣ ለአራቱ ብቻ ፍቀድ፣ የሌላውን ዝጋና ሎግ አድርግ። በሎጉ ላይ በአንድ ቀን የሚወጣው ዝርዝር የረሳሃቸውን ዕቃዎች ሁሉ ያሳይሃል።


የሎግ_አንባቢ

የ3 ሰዓቱን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም እሱ የኤንቲፒ ጉዳይ አይደለም። ኤንቲፒ ታይምዞን የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያመላልሰው ዩቲሲን (ዓለም አቀፉን መለኪያ ሰዓት፣ የአዲስ አበባው ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል) ብቻ ነው። ድፍን 3 ሰዓት ልዩነት ስታይ ሃርድዌር ሰዓቱ በየትኛው ነው የሚነበበው ብለህ ጠይቅ። ሃርድዌር ሰዓቱ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ ሊኑክሱ ዩቲሲ ነው ብሎ ካነበበው 3 ሰዓት ይቀድማል። ዩቲሲ ይዞ ዊንዶውስ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ካነበበው 3 ሰዓት ይዘገያል። እኛ ጋ የበጋና የክረምት ሰዓት ለውጥ ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ልክ 3 ነው፣ ለመለየት ይመቻል።

ያንተው ቪኤም ሲፈጠር ዊንዶውስ ተብሎ ነው የተመረጠው፣ ወይም ከዊንዶውስ ቪኤም ነው ኮንፊጉ የተቀዳው። ፕሮክስሞክስ ኦኤስታይፑ ዊንዶውስ ከሆነ የቪኤሙን ሃርድዌር ሰዓት በአካባቢ ሰዓት ያስነሳዋል። ቁጥሩ 112 ከሆነ፦

ኪውኤም ኮንፊግ 112
ኪውኤም ሴት 112 --ኦኤስታይፕ ኤል26 --ሎካልታይም 0

የመጀመሪያው ለማየት፣ ሁለተኛው ለማስተካከል። ከዚያ ቪኤሙን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ አስነሳው። ከውስጥ ሪቡት ማድረግ አይበቃም፣ ያው የድሮው ፕሮሰስ ነው የሚቀጥለው። ሲነሳ "ታይምዴትሲቲኤል" ብለህ "አርቲሲ ኢን ሎካል ቲዜድ" የሚለው "ኖ" መሆኑን እይ።

ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል ያልከው ታይምሲንክዲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሲያዘልለው ነው። በዚያች ደቂቃ የተጻፉ ረድፎች የወደፊት ሰዓት ይዘው ቀርተዋል፤ ፈልጋቸው።

ሌላው በእኛ አገር ብቻ የምታየው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ባዮስ ላይ ሰዓቱን በእጁ ሲያስገባ በሐበሻ አቆጣጠር አስገብቶት ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 03:00 ብሎ። ዓመቱ 7 ወይም 8 ወደ ኋላ ከሆነም እንደዚሁ፣ ያኔ ቲኤልኤሱ ሁሉ "ሰርቲፊኬቱ ገና አልጸናም" እያለ ይወድቃል። ቀኑ ሳጥኑ ከፋብሪካ የወጣበት አካባቢ ከሆነ ግን ባትሪው ሞቷል፤ አብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ሲአር2032 ነው።


ፓኬት_ቆጣሪ

ከላይ የተባለው ዲዛይን ልክ ነው። ሴፍ ለምን እንደሚያጉረመርም ግን ማንም አልነገረህም።

ሴፍ በሞኒተሮቹ (የሴፍን ሁኔታ በሚከታተሉት ፕሮግራሞች) መካከል የሚታገሰው ልዩነት በዲፎልት 0.05 ሰከንድ ነው፣ 50 ሚሊሰከንድ። ኤንቲፒ የመንገዱን መዘግየት ሲያሰላ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብሎ ነው። እኩል ካልሆኑ የልዩነታቸው ግማሽ ስህተት ሆኖ ሰዓቱ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄው በ40 ሚሊሰከንድ ሄዶ መልሱ በሌላ መስመር ዞሮ በ160 ቢመጣ 60 ሚሊሰከንድ ስህተት ነው፣ ክላየንቱም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሦስቱ ሆስቶችህ ለየራሳቸው የተለያየ አገር ሰርቨር ሲጠይቁ እያንዳንዱ የየመንገዱን ስህተት ይዞ ይቀመጣል። ሦስቱም "ሲንክድ" ይላሉ፣ ሦስቱም በ50 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ። መሃላቸው አንድ ስዊች ብቻ ያለ ማሽኖች ከአንድ ቦታ ሲወስዱ ግን ልዩነቱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። መፍትሔው የተሻለ የውጭ ሰርቨር መፈለግ አይደለም፤ የውጩ ስህተት ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ በካርታ ላይ መቅረብና በኔትወርክ መቅረብ አንድ አይደለም። የአፍሪካ ዞን ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰርቨር ሊሰጥህ ይችላል፣ መንገዱ ግን በአውሮፓ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን አስኪደውና "ክሮኒሲ ሶርስስታትስ" ላይ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ትንሽ የሆነውን፣ "ክሮኒሲ ኤንቲፒዳታ" ላይ መዘግየቱ ያነሰውን አስቀር።

ሪች 0 ላይ። ያ ቁጥር በስምንት ቤት የሚጻፍ ነው፤ 377 ማለት የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰዋል ማለት ነው፣ 0 ማለት አንድም። ማሽኑ ላይ ቲሲፒደምፕ ክፈት፦

ቲሲፒደምፕ -ኤንአይ ኢኤንኤስ18 ዩዲፒ ፖርት 123

ሲወጣ ካየህና ሲመለስ ካላየህ ፋየርዎሉ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ጭራሽ ካልወጣ ስሙ አልተፈታም፣ ዲኤንኤሱን እይ። አልፎ አልፎ እየተመለሰ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ማሽኖችህ በአንድ የውጭ አይፒ ስለሚታዩ ሰርቨሩ ገድቦሃል። ይሄኛው አራቱ ብቻ እንዲወጡ ስታደርግ በራሱ ይጠፋል።

ኤንቲኤስ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 ኤንቲፒን ለጥቃት ማጉያ ሲጠቀሙበት ብዙ ኔትወርኮች ከመደበኛው 48 ባይት የሚበልጥ የ123 ፓኬት መጣል ጀመሩ፤ አንዳንዱ ጋ ማጣሪያው እስከ ዛሬ አለ። የኤንቲኤስ ፓኬት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ቲሲፒ 4460 ተገናኝቶ፣ ቁልፍ ተለዋውጦ፣ ሪች 0 ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኤንቲኤስ ሰርቲፊኬት ያረጋግጣል፣ ሰርቲፊኬት ደግሞ ትክክለኛ ቀን ይፈልጋል። ባትሪው የሞተ ሰርቨር በኤንቲኤስ ብቻ ከተዋቀረ ሰዓት ስለሌለው ሰዓት ማግኘት አይችልም። ኤንቲኤስ የሌለው ምንጭ አብሮ ይኑር፣ ወይም "ኖሰርትታይምቼክ 1" አስገባ፤ የመጀመሪያውን ማስተካከያ ሳያረጋግጥ ያሳልፈዋል።

የጉግልን ሰዓት ከሌሎች ጋር አትቀላቅል። ሊፕ ሰከንድ (አልፎ አልፎ በዩቲሲ ላይ የሚጨመር አንድ ሰከንድ) ሲመጣ እነሱ በ24 ሰዓት ውስጥ በትነው ነው የሚያስገቡት፣ ሌሎቹ በአንድ ጊዜ። የመጨረሻው የገባው በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ስለሆነ አሁን ልዩነት አታይም፣ ግን ወይ ሁሉንም ከእነሱ ውሰድ ወይ አንዱንም አትውሰድ።


ዶሜይን_አድሚን

ዊንዶውሱን ማንም ስላልነካው በአጭሩ። ዶሜይኑ ውስጥ ሰዓት የሚመራው የፒዲሲ ኢሙሌተር ሚና የያዘው ኮንትሮለር ነው፤ "ኔትዶም ኩዌሪ ኤፍኤስኤምኦ" ብለህ የትኛው እንደሆነ እይ። እሱ ላይ ብቻ፦

ደብሊው32ቲኤም /ኮንፊግ /ማኑዋልፒርሊስት:"አራቱ አድራሻ" /ሲንክፍሮምፍላግስ:ማኑዋል /ሪላየብል:የስ /አፕዴት

አድራሻዎቹ በባዶ ቦታ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ላይ ኮማ አድርገህ ዜሮ ኤክስ 8 ትጨምራለህ። ያ ፍላግ ከሌለ ዊንዶውስ በክላየንትነት ሳይሆን በፒርነት ይጠይቅና ሊኑክሱ ላይመልስለት ይችላል። ከዚያ የደብሊው32ታይም ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ፣ "/ሪሲንክ /ሪዲስከቨር"፣ ከዚያ "/ኩዌሪ /ሶርስ"። መልሱ "ሎካል ሲሞስ ክሎክ" ከሆነ አልሠራም።

ሁለተኛውን ኮንትሮለር "/ሲንክፍሮምፍላግስ:ዶምሂየር" አድርገው፤ የዶሜይን አባል ማሽኖችን አትንካቸው፣ በራሳቸው ይከተላሉ። ከርቤሮስ (የዶሜይኑ መግቢያ ማረጋገጫ) በዲፎልት የሚታገሰው 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ሁሉ "ፓስወርዴ አልሠራም" ብሎ ይደውላል።

የሎግ_አንባቢ የነገረህን የሎካልታይም ለውጥ ዊንዶውሶቹ ላይ አታድርግ። እነሱ ጋ 1 ሆኖ ነው ልክ የሚሆነው። ሊኑክሶቹን ከኮንትሮለሩ፣ ኮንትሮለሩን ከሊኑክሶቹ እንዲወስዱ ማድረግም እንዲሁ አይሆንም። ሰዓት ከላይ ወደ ታች ይፍሰስ።


ራክ_ቁጥር_4

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነ። ቪኤሙ እውነትም ዊንዶውስ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሦስት ነገር ቀረኝ፦

አንደኛ፣ ፋይበሩ ቢቋረጥ ካዛንቺስ ያለ ኢንተርኔት ነው የሚቀረው። በዩኤስቢ የሚሰካ ጂፒኤስ በጂፒኤስዲ (ጂፒኤሱን በሚያነብ ፕሮግራም) አገናኝቼ ክሮኒ ላይ ባስገባው የኤክስ ምልክት ይሰጠዋል፣ ልዩነቱም +140 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ተበላሽቶ ነው?

ሁለተኛ፣ የመብራቱ ጉዳይ።

ሦስተኛ፣ እየሠራ ያለውን ዳታቤዝ ከታይምሲንክዲ ወደ ክሮኒ ስቀይር ሰዓቱ እንዳይዘል ምን ላድርግ?


ፓኬት_ቆጣሪ

ጂፒኤሱ አልተበላሸም። የሚነግርህ "አሁን ይህ ሰዓት ነው" በሚል ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ተነቦ እስኪያልቅ ሰዓቱ አልፏል። ሞጁሉ በ9600 ባውድ ከላከ በሰከንድ 960 ፊደል ነው፤ የኤንኤምኢኤ (ጂፒኤሱ የሚልከው የጽሑፍ ዓይነት) አንድ መስመር እስከ 82 ፊደል ስለሚሆን እሱ ብቻ ወደ 85 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሞጁሉ ራሱ አስልቶ እስኪጨርስ የሚያልፈውን ስትጨምርበት 140 የሚጠበቅ ነው። የኤክስ ምልክቱም ክሮኒ ከሌሎቹ ጋር አወዳድሮ "ይሄኛው አይታመንም" ማለቱ ነው፤ ሥራውን ሠርቷል።

የሚያስፈልግህ በየሰከንዱ መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ፣ ፒፒኤስ እግር ያለው ሞጁል ነው። ቀላሉ መንገድ ራስበሪ ፓይ ነው፦ የፒፒኤሱን ሽቦ ጂፒአይኦ 18 ላይ አድርግ፣ ኮንፊግ.ቲኤክስቲ ላይ "ዲቲኦቨርሌይ=ፒፒኤስ-ጂፒአይኦ፣ጂፒአይኦፒን=18" ብለህ አስገባ (በ"፣" ፈንታ የላቲኑን ኮማ)። ከዚያ ክሮኒ ላይ፦

ሪፍክሎክ ኤስኤችኤም 0 ሪፍአይዲ ኤንኤምኢኤ ኦፍሴት 0.14 ዲሌይ 0.2 ኖሴሌክት
ሪፍክሎክ ፒፒኤስ /ዴቭ/ፒፒኤስ0 ሎክ ኤንኤምኢኤ ሪፍአይዲ ፒፒኤስ

ጽሑፉ የትኛው ሰከንድ እንደሆነ ብቻ ይናገራል፣ ምቱ ሰከንዱ የት ላይ እንደሚጀምር በማይክሮሰከንድ ደረጃ ይነግርሃል። ኦፍሴቱን ከራስህ ልኬት አስተካክለው፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከሳትክ ምቱን ከተሳሳተ ሰከንድ ጋር ያጋባዋል።

መርካቶ የተገኘ ያገለገለ ሞጁል ከሆነ ቀኑን አይተህ ግዛ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ባለፈው የተመለሰው በሚያዝያ 2019 በፈረንጆቹ ነው፤ ፈርምዌሩ ያረጀ ከሆነ 19 ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ያለ ቀን ይሰጥሃል። አንቴናውን ጣሪያ ላይ ካወጣህ ገመዱ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ላይ ኧርዝ የተደረገ የመብረቅ መከላከያ አስገባ። ክረምት ላይ ያለዚያ ራስበሪውንም ስዊቹንም ይዞ ይሄዳል።

ጂፒኤሱ ሰንጋ ተራ ሳይሆን ካዛንቺስ መሆን አለበት የምለው ለዚሁ ነው፤ ሲቆረጥ ብቻውን የሚቀረው እሱ ነው። ግን አምስተኛ ምንጭ ይሁን እንጂ አራቱን አይተካም።


ስትራተም_ሁለት

መብራቱን እኔ ልመልስ።

ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነሱት አራቱ ሰዓት ሰርቨሮች ይሁኑ። ባዮሱ ላይ "መብራት ሲመለስ ይነሳ" የሚለውን አራቱ ላይ ወዲያው፣ ሌሎቹ ላይ ከተወሰነ መዘግየት በኋላ አድርገው፤ ዩፒኤሱ ወይም ፒዲዩው መውጫ በመውጫ ማዘግየት ከቻለ በእሱ ይሻላል። ፕሮክስሞክስ ላይ ለቪኤሞቹ "ስታርት ዲሌይ" አለ።

ኢንተርኔቱ ከሰርቨሮቹ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እስከዚያ አራቱ በኦርፋን ሁኔታ ሃርድዌር ሰዓታቸውን ይዘው ነው የሚያስኬዱት፣ ስለዚህ የአራቱ ሃርድዌር ሰዓት ልክ መሆን አለበት። "አርቲሲሲንክ" ካለ ከርነሉ በየ11 ደቂቃው ይጽፍለታል፤ አንተ ባትሪዎቹን ብቻ ቀይር። ራስበሪ ፓይ እስከ 4ኛው ድረስ ሃርድዌር ሰዓት የለውም፤ ክሮኒን በ"-ኤስ" ካስነሳኸው ግን ቢያንስ የድሪፍትፋይሉን የመጨረሻ ሰዓት ይዞ ይነሳል፣ ከ1970 አይጀምርም።

ዳታቤዙ እንዲጠብቅ ለማድረግ "ክሮኒ-ዌይት" የሚባለውን ሰርቪስ ኢኔብል አድርግ፣ የዳታቤዙ የሲስተምዲ ፋይል ላይ "አፍተር" እና "ዋንትስ" ውስጥ "ታይም-ሲንክ.ታርጌት" አስገባ። ይሄ ግን ጊዜው ሲያልፍ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ጭራሽ እንዳይነሳ ከፈለግክ "ኤክሴክስታርትፕሪ" ላይ ይህን አድርግ፦

ክሮኒሲ ዌይትሲንክ 60 0.1

በየ10 ሰከንዱ እስከ 60 ጊዜ ያያል፤ ልዩነቱ ከ0.1 ሰከንድ በታች ካልሆነ ፌይል ያደርጋል፣ ዳታቤዙም አይነሳም። የሲስተምዲው "ታይምአውትስታርትሴክ" ከ10 ደቂቃ በላይ መሆኑን አትርሳ፣ አለበለዚያ መሃል ላይ ይገድለዋል።

ሴፉ ከመብራት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢጮህ አትደንግጥ፤ ሞኒተሮቹ ሰዓት የሚያነጻጽሩት በየጊዜው ስለሆነ ልዩነቱ ከጠፋ በኋላም ማስጠንቀቂያው ትንሽ ይቆያል። ከ10 ደቂቃ ካለፈ ግን ሦስቱ የሰንጋ ተራ ሆስቶች ላይ "ክሮኒሲ ትራኪንግ" ብለህ "ሲስተም ታይም" የሚለውን መስመር አስተያይ።


የሎግ_አንባቢ

ሦስተኛው ላይ። ኡቡንቱ ላይ ክሮኒን ስትጭን ታይምሲንክዲ በራሱ ይወጣል፣ ክሮኒም ዲፎልት ኮንፊጉን ይዞ ወዲያው ይነሳል። እንዳይነሳ አስቀድመህ "ሲስተምሲቲኤል ማስክ ክሮኒ" በል፣ ከዚያ ጫን፣ ኮንፊጉን አስተካክል፣ ሳታስነሳው ለካ፦

ክሮኒዲ -ኪው "ሰርቨር 10.20.1.11 አይበርስት"

በትልቁ ኪው ነው፤ በትንሹ ካደረግከው ሰዓቱን ይቀይረዋል። በትልቁ ምን ያህል እንደሳተ ነግሮህ ይተወዋል። ከ1 ሰከንድ በታች ከሆነ አንማስክ አድርገህ አስነሳው፣ ሜክስቴፑ አይነካውም፣ ቀስ ብሎ ይስበዋል። የክሮኒ ዲፎልት የመሳብ ፍጥነት ለአንድ ሰከንድ 12 ሰከንድ ነው፣ 300 ሚሊሰከንድ ከ4 ሰከንድ በታች ይጨርሳል።

ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነና ማሽኑ የቀደመ ከሆነ፣ የሜክስቴፑን መስመር ለጊዜው ዝጋውና አስነሳው። 30 ሰከንድ ቢሆን በ6 ደቂቃ ይደርሳል፣ ሰዓቱ ይዘገያል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ከደረሰ በኋላ መስመሩን መልሰው። ልዩነቱ በሰዓት የሚቆጠር ከሆነ ግን ይሄ አያዋጣም፣ 3 ሰዓት ለመሳብ 36 ሰዓት ነው፤ ዳታቤዙን አቁመህ በአንድ ጊዜ አስተካክለው። ሪፕሊካ ካለህ ከእሱ ጀምር፣ ከዚያ ፌይልኦቨር አድርገህ ዋናውን።

ራም የያዘ ስናፕሾት ወደ ኋላ ስትመልስም ቪኤሙ የስናፕሾቱን ሰዓት ይዞ ነው የሚነቃው። የሜክስቴፑ ሦስት ዕድል ቀድሞ ስላለቀ ክሮኒ በዚያው ፍጥነት ሲጎትት ይውላል፤ ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት "ክሮኒሲ ሜክስቴፕ" ብለህ በእጅህ አዝልለው።